የሲስተር ዘነበች ቅዳሜዎች

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት፣ ቴፒ ላይ ሁለተኛውን ክፍለ ጊዜ ጨርሼ የጠመኔውን ብናኝ ከእጄ ሳላራግፍ ስልኬ ጠራ። የደወሉት አቶ ወልዴ ነበሩ፤ ሚዛን ተፈሪ ሳስተምር ጎረቤቴ የነበሩ፣ የሰፈሩ እድር ዳኛ። ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ። ስለ ዝናቡ ጠየቁኝ። መንገዱ ተበላሽቶ እንደሆነ ጠየቁኝ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ሲስተር ዘነበች ትንሽ አሟቸዋል። ዛሬውኑ ብቅ ብትል ጥሩ ነው» አሉኝ።

«አቶ ወልዴ፣ ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?» አልኳቸው።

«ዘጠኝ ሰዓት» አሉ።

ወዲያው የገባኝ ብልህ ስለሆንኩ አይደለም። ያስተማሩኝ ሟቿ ራሳቸው ናቸው። «ሰው ትንሽ አይታመምም» ይሉ ነበር። «ወይ ይታመማል፣ ወይ ይሞታል። ‹ትንሽ አሞታል፣ ቶሎ ና› ካሉህ ድንኳኑ ተተክሏል ማለት ነው።»

ቀብሩ ላይ ደረስኩ። የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ ስለ ነርስነታቸው፣ በእጃቸው ስለተወለዱ ልጆች፣ በጭቃ በእግራቸው እስከ ሸዋ ቤንች ድረስ እየሄዱ ስላከሟቸው ሰዎች ብዙ ተባለ። ሁሉም እውነት ነው። ስለ ፊልም ግን የተናገረ አልነበረም። «ሟች ፊልም ማየት ይወዱ ነበር» ተብሎ በቀብር ላይ ቢነበብ ቀልድ ይመስላል። እኔ ግን ሲስተር ዘነበችን ከሁሉ በላይ ያወቅኋቸው ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው የከድር ፊልም ቤት፣ በእንጨት አግዳሚ ላይ አጠገባቸው ተቀምጬ ነው። ስለዚህ የቀረውን እኔ እጽፈዋለሁ። ነገርን በቅደም ተከተል ማስረዳት እወዳለሁ፤ ተማሪዎቼም በዚህ ይታዘቡኛል።

ሚዛን ስመደብ ገና ከኮሌጅ የወጣሁ ነበርኩ። ክፍል የተከራየሁት እሳቸው ግቢ ውስጥ ነው። ጡረታ ወጥተዋል። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። አንድ ልጃቸው ብሩክ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ሱቅ ውስጥ ይሠራል፤ እሑድ እሑድ ይደውላል። ትውልዳቸው ሆሳዕና አካባቢ ነው፤ ነገር ግን ከወጣትነታቸው ጀምሮ ሚዛን ስለኖሩ ቤንችኛውንም እንደ አገሬው ይናገሩት ነበር፤ ሲቆጡ በተለይ።

አሁን ስለ ሥራቸው። የጤና ጣቢያውን ሥራ ማለቴ አይደለም፤ ሌላውን ነው። ሲስተር ዘነበች የሰፈሩ መርዶ ነጋሪ ነበሩ። ሰው ሩቅ አገር ሲሞት ዘመድ ወሬውን ይደብቃል፤ ሰው እስኪሰባሰብ ይጠበቃል፤ ከዚያ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ወደ ቤቱ ይሄዳሉ። ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን። የማናስበው ግን፣ በሩ ላይ ከደረሱ በኋላ ያን ቃል ከአፉ የሚያወጣ አንድ ሰው መኖር እንዳለበት ነው። ሽማግሌዎቹ ከፊት ይገባሉ፣ ስለ እግዚአብሔር ፈቃድ ይናገራሉ፣ ይንተባተባሉ። ከኋላ የቆሙት ሲስተር ዘነበች ናቸው ወደፊት መጥተው የሰውየውን ሁለት እጆች የሚይዙት። ስም ይጠራሉ፤ «ሞቷል» ይላሉ። ሌላ ቃል አይጨምሩም። «አረፈ» አይሉም፤ «ተለየን» አይሉም።

ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ጠየቅኋቸው።

«‹ተለየን› ስትለው የት ሄደ ብሎ ይጠይቅሃል» አሉኝ። «ተስፋ ያዘ ማለት ነው። ከዚያ ደግመህ ልትገድልበት ነው። መርዶ አንዴ ነው የሚነገረው።»

ይህ ሥራ ግን ሰው አሳጣቸው። ጠዋት ነጠላቸውን ለብሰው መንገድ ላይ ከታዩ ሰው በሩን ይዘጋል። አንድ ጊዜ፣ እኔ ግቢው ከገባሁ ብዙም ሳይቆይ፣ ጓሯቸው ካለው ዛፍ የወደቀ አቮካዶ ዘንቢል ሙሉ ለቅመው፣ ሳይበላሽ ለጎረቤት ላድርስ ብለው በማለዳ ወጡ። ጎረቤቲቱ በሩን ከፍታ ሲስተር ዘነበችን በጎህ ስታያቸው ዘንቢሉን አላየችም። ጭንቅላቷን ይዛ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለች መሬት ላይ ወደቀች። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሲስተር «አቮካዶ ነው! ኧረ አቮካዶ ነው ይዤ የመጣሁት!» እያሉ ቢጮኹ ማን ይስማ። የእድሩ ልጆች የድንኳን ብረት ተሸክመው ግማሽ መንገድ ከደረሱ በኋላ ነው ነገሩ የታወቀው። ሰው ለሳምንታት ሳቀበት። እሳቸው ግን ከዚያ ቀን በኋላ ፀሐይ ጠንከር ሳትል ከግቢያቸው አይወጡም ነበር። አቮካዶውም ዛፉ ሥር ይበሰብሳል።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ በሬን አንኳኩ።

«መምህር፣ ከሰዓት ምን ትሠራለህ?»

«ፈተና አርማለሁ፣ ሲስተር።»

«እሑድ ታርማለህ። ጃንጥላ ያዝና ተከተለኝ።»

የከድር ፊልም ቤት በቆርቆሮ የተሠራ ጠባብ አዳራሽ ነው። ትልቅ ቴሌቪዥን አለው፤ የሚያጓራ ስፒከር አለው፤ መስኮቶቹ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸፍነዋል። ከድር ፊልሞቹን በፍላሽ ያስመጣል፤ አብዛኞቹ በአማርኛ የተተረጎሙ ናቸው። ተመልካቹ የባጃጅ ሹፌር፣ ቡና ለቃሚ፣ ተማሪ ነው። ሴት እምብዛም አይገባም። ሲስተር ዘነበች ግን ከፊት ካለው አግዳሚ ጥግ ላይ የራሳቸው ቦታ ነበራቸው። ሲገቡ ከኋላ ማቲ የሚባል የባጃጅ ሹፌር ሁልጊዜ ይጮኻል።

«ሲስተር መጡ! ዛሬ ማን ሊሞት ነው?»

«አንተ፣ ያን ጫት ካልተፋህ» ይላሉ ዞር ሳይሉ። አዳራሹ በሳቅ ይፈነዳል።

መጀመሪያ ላይ አፍሬ ነበር። ማቲን ልገሥጽ ስነሳ እጄን ይዘው አስቀመጡኝ። «ተወው» አሉ። «ውጭ ሲያዩኝ ዝም የሚሉት ናቸው የሚያስፈሩኝ። እዚህ ጨለማ ነው። ፊቴን አይቶ የሚደነግጥ የለም።»

ስለ ፊልም ያላቸው አስተያየት እንዲህ ነበር።

ኮሜዲ ይወዱ ነበር፤ ያውም ሰው የሚወድቅበትን። አንዱ ፊልም ላይ አንድ ወፍራም ሰውዬ የፍቅረኛውን መስኮት ሊያንኳኳ መሰላል ላይ ወጥቶ ከነመሰላሉ ይወድቃል። ሲስተር እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ከዚያ እንባቸውን እየጠረጉ «የጭን አጥንቱ ነው፤ ወራት ይተኛል» አሉኝ በቁም ነገር። ሰውዬው በሚቀጥለው ትዕይንት ልጅቷን እየተከተለ ሲሮጥ ቆመው ጮኹ። «ተነሳ! ይኸው ተነሳ! ከድር፣ ይህን ያከመውን ሐኪም ለሚዛን አስመጣልን!»

ሁለቱ ፍቅረኞች ባለመግባባት የሚለያዩበት የአዲስ አበባ ኮሜዲ ሲመጣ ደግሞ ይበሳጫሉ። «ደውላ ብትጠይቀው እኮ ያልቃል።»

እኔ ማስረዳት ጀመርኩ። «ሲስተር፣ ኮሜዲ የሚቆመው አለመግባባት ላይ ነው። ካልተሳሳቱ ሳቅ የለም።»

«እኔና ወልዴ ሃያ ዓመት አልተግባባንም» አሉኝ። «አንድ ቀን ስንስቅ አይተኸናል?»

የጀግና ፊልሞቹ ግን ያስቆጧቸው ነበር። ከድር ከሁሉ በላይ የሚያሳየው እነሱን ነው፤ ካባ ለብሶ የሚበር፣ በዓይኑ እሳት የሚተፋ፣ በጡጫ ፎቅ የሚያፈርስ። ወጣቶቹ ፎቅ ሲፈርስ ያጨበጭባሉ። አንድ ጊዜ ጀግናው ከጠላቱ ጋር እየታገለ የከተማውን ግማሽ አወደመው። በመጨረሻ ጠላቱን ጣለው፤ ከንፈሩ ላይ ደም አለ፤ ልጅቷ መጥታ ሳመችው፤ ሙዚቃው ከፍ አለ። ሲስተር ዘነበች በሙዚቃው መካከል «ፎቁ ውስጥ የነበሩትስ?» አሉ ጮክ ብለው።

«ሲስተር፣ እነሱ አጃቢዎች ናቸው!» አለ ማቲ ከኋላ።

«አጃቢ እናት ነች የወለደቻቸው?»



ስንወጣ ዝናብ ነበር። በአንድ ጃንጥላ ሥር ጭቃውን እየመረጥን ስንሄድ እኔ ስለዚህ ዓይነት ፊልም አሠራር አብራራሁላቸው። ተመልካቹ ጀግናውን ብቻ እንዲከተል ተደርጎ ነው የሚሠራው፤ ሌላው ሰው እንደ ጀርባ ሥዕል ነው አልኳቸው። አዳመጡኝ። ሲያዳምጡ በትዕግሥት ነው፤ በሽተኛ ምልክቱን ሲናገር እንደሚሰማ ሰው። ከዚያ «ገብቶኛል» አሉ። «እኔ የምጠይቀው ለዘመዶቻቸው ማን ሄዶ እንደነገራቸው ነው። ሰውየው መብረር ይችላል። ሁሉ ቤት መድረስ ይችል ነበር። አንድ ቤት እንኳ አልሄደም።»

ሞተው የሚመለሱትን ጀግኖች ደግሞ ጭራሽ አይታገሡም። በአንደኛው ክፍል ተቀብሮ፣ ሕዝብ አልቅሶለት፣ በሁለተኛው ክፍል ከሰማይ ወርዶ ሲመጣ አዳራሹ በፉጨት ይናወጣል። ሲስተር ነጠላቸውን ይሰበስባሉ። «ሞትን ቀለዱበት» ይላሉ። «እናቱ ፀጉሯን ነጭታለች። ማቅ ለብሳለች። አሁን ምን ትሁን?»

«ደስ ይላታላ፣ ሲስተር!» ይላሉ ከኋላ።

«ደስ አይላትም። ከእንግዲህ የሞተባት ሁሉ ይመጣል እያለች በር በሩን ስታይ ትኖራለች።»

ካርቱን ሲመጣ ይለሰልሳሉ። እኔ ካርቱን የልጆች ነው ብዬ ነበር። «የካርቱን ሠሪዎች ናቸው ደፋሮቹ» አሉኝ። «ገና ፊልሙ ሳይጀመር አባትን ወይም እናትን ይገድላሉ። ግልገሏ ትጠይቃለች፤ ይነግሯታል፤ ታለቅሳለች። ሥርዓቱን ያውቃሉ።» ትንሽ ቆይተው «ዘፈን ያበዛሉ እንጂ» አሉ።

ሁልጊዜ ልክ ነበሩ ማለቴ አይደለም። ይህን ሁሉ ፍርድ የሚሰጡት ብዙ ጊዜ የፊልሙን ግማሽ ተኝተውበት ነው። ነቅተው ያላዩትን ክፍል በሙሉ ልብ ይከራከሩበታል። ገዳዩ ማን እንደሆነ ገና ሳይታወቅ «እሱ ነው፣ ዓይኑን እዩት» ብለው ለአዳራሹ ያውጃሉ፤ ሲሳሳቱ ፊልሙ ተሳስቷል ይላሉ። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብና የስፒከሩ ድምፅ ሲጠፋ ደግሞ ንግግሩን ራሳቸው ይሞላሉ። አንድ ጊዜ ባለካባው ጀግና ከከተማው በላይ ተንሳፍፎ አፉን ሲያንቀሳቅስ፣ ሲስተር በአቶ ወልዴ ድምፅ «የእድሩ ስብሰባ በሰዓቱ ይጀመራል! የቀረ ሰው ዛሬ አይቀበርም!» አሉ። ሰው ከአግዳሚው ወደቀ።

ሁለተኛው ዓመቴ ላይ፣ የቡና ለቀማው ሊያበቃ ሲቃረብ፣ አንድ ዓርብ አቶ ወልዴ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ያዟዙሩታል።

«መምህር፣ እስቲ ወዲህ ና።»

አጥሩ ሥር ወሰዱኝ። ብሩክ ተገድሏል። የሚሠራበት ሱቅ ውስጥ ዘራፊዎች ገብተው በጥይት መቱት። ጓደኞቹ ሆሳዕና ላለው አጎቱ ደወሉ፤ አጎቱ ለአቶ ወልዴ ደወለ። ዘመዶቹ ቅዳሜ ማምሻውን ይገባሉ፤ መርዶው እሑድ ጎህ ሲቀድ ይነገራል።

«ማን ይናገራል?» አልኩ።

አቶ ወልዴ መሬት መሬት አዩ። «ስንት ዘመን አብረን ሄድን። እኔ ከፊት እገባለሁ እንጂ ያቺን ቃል አንድ ቀን ከአፌ አውጥቼ አላውቅም። ሁልጊዜ እሷ ነች።» ‹እሷ› ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር። «ደግሞ የምናደርገውን ሁሉ ታውቀዋለች። ገና በሩ ሲንኳኳ ታውቃለች። በመንገድ ላይ ባለፈ ሰው አፍ፣ በስልክ ድንገት ብትሰማስ? ክፉ ወሬ ሥርዓት ከሌለው ሁለተኛ ሰው ይገድላል፤ ይህን የምትለው ራሷ ነች።»

ስለዚህ የእኔ ድርሻ ቅዳሜን ማሳለፍ ሆነ። እንደ ወትሮው ፊልም ቤት ይዣቸው እንድሄድ፣ ስልካቸውንም ከእጃቸው እንዳርቅ አደራ አሉኝ።

ቅዳሜ ጠዋት «ከድር ጋ አዲስ ኮሜዲ መጥቷል፣ ስልክዎ ላይ ላስጭንልዎ» አልኳቸው። ጎመን እየቆረጡ ነበር። ሳያዩኝ አቀበሉኝ። «የሚወድቅበት ይሁን» አሉኝ።

ከሰዓት ወጣን። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ወጥቶ ነበር። አንዲት ሴት ከሩቅ አይታን ወደ ሱቅ ገባች። ጫማ ጠራጊዎቹ ብሩሻቸውን አቆሙ። ሰላም የሚሏቸው ሰዎች ሰላምታቸው ረዘመ፤ እጃቸውን ይዘው መልቀቅ ያቅታቸዋል።

«ሰው ዛሬ ምን ነካው?»

እኔ ገበያ ቀን ስለሆነ ሰው ደክሞታል አልኩ። የቡናው ሥራም አለ አልኩ። የአየሩ ለውጥ ሰውን ያፈዘዋል፤ ይህ በሳይንስም የታወቀ ነው ብዬ ጨመርኩ።

«ዛሬ ማብራሪያ አበዛህ፣ መምህር» አሉኝ።

ፊልም ቤቱ ስንደርስ ከድር ከመቀመጫው ተነስቶ የእሳቸውን አግዳሚ በእጁ ጠረገላቸው። እንዲህ አድርጎ አያውቅም። ከኋላ ያሉት ወጣቶች ሁሉም ነበሩ፤ ማቲም ነበር። ማንም አልጮኸም። ሲስተር ዘነበች ቦታቸው ላይ ከመቀመጣቸው በፊት ጥቂት ቆሙ፤ የሚጠብቁት ድምፅ ያለ ይመስል። ከዚያ ተቀመጡ።

ያን ቀን የተለጠፈው ጥይትና ፍንዳታ የበዛበት የጀግና ፊልም ነበር። ከድር ግን ሰምቶ ስለነበር በሐዘኔታ ለወጠው። «ማንም የማይሞትበት ነው» አለኝ በጆሮዬ። ካርቱን ነበር። ከድር ራሱ አላየውም፤ የልጆች ስለሆነ ብቻ የመረጠው ነው።

ስለ አንዲት ጉሬዛ ነው። የእኛ ጫካ ውስጥ እንዳሉት ጥቁርና ነጭ ጉሬዛዎች ዓይነት፣ ጅራቷ እንደ ነጭ ፈትል። ወንዝ ሞልቶ ልጇን ይወስድባታል። እሷ ወንዙን ተከትላ ትሄዳለች። በየመታጠፊያው ዛፍ ላይ ወጥታ ትጣራለች። ሌላ ነገር የለውም፤ ፊልሙ በሙሉ ይኸው ነው። ከጎኗ የሚከተላት አንድ ወሬኛ እንቁራሪት አለ፤ እሱ ነው ማሳቂያው።

ከድርን ዞሬ አየሁት። በበሩ ብርሃን ፊቱ አመድ መስሏል። ፊልሙን ያቁመው? ቢያቆመውስ ለምን ሊባል ነው?

እንቁራሪቱ አንድ ቅርንጫፍ ላይ ሊዘል ሲል ስቶ አፉን ከፍቶ ጭቃ ውስጥ ተተከለ። ጥሩ ቀልድ ነበር። በሌላ ቅዳሜ ቢሆን ሰው ያብድ ነበር። ያን ቀን አንድም ሰው አልሳቀም። ሊስቅ የደፈረ አልነበረም። ያ ሁሉ ጎረምሳ በጨለማ ውስጥ ትንፋሹን ይዞ ተቀምጧል።

ሲስተር ዘነበች ቀስ ብለው ዞሩና ከቴሌቪዥኑ በሚመጣው ብርሃን ወደ ኋላ አዩአቸው። አንድ በአንድ አዩአቸው። ዓይናቸው ማቲ ላይ ሲደርስ ልጁ አንገቱን ደፋ።

ወደ ፊት ተመለሱ። እጃቸውን ዘርግተው አንጓዬን ያዙ፤ የደም ሥሬን በጣቶቻቸው አገኙት።

«ብሩክ ነው» አሉ። ጥያቄ አልነበረም።

አፌን ከፈትኩ።

«ዝም በል። አሁን እንዳትነግረኝ። መርዶ ፊልም ቤት ውስጥ አይነገርም።» ድምፃቸው ለበሽተኛ መድኃኒት እንዴት እንደሚወሰድ የሚያስረዱበት ይመስል ነበር። «ነገ ጠዋት ነው ያሉት?»

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

«ወልዴ ነው የሚናገረው?»

ነቀነቅሁ።

«ከሆሳዕና እየመጡ ነው?»

«አዎ፣ ሲስተር።»

«እንግዲያው ይድረሱ። ቁጭ በል። ከተነሳን ከድር ይደነግጣል።»

እስከ መጨረሻው ተቀመጥን። እጃቸው አንጓዬ ላይ ነበር። ጉሬዛዋ ትጣራለች፤ ወንዙ ይሄዳል።

ቤት ስንገባ ገና ብርሃን ነበር። ነጠላቸውን ሰቅለው ሥራ ጀመሩ። ግቢውን ጠረጉ። በርሜሎቹን እንድሞላላቸው ጠየቁኝ፤ ሞላሁ። ዶሮዎቹን ወደ ጓሮ አስገቡ። ከዚያ ወንበር ላይ ወጥተው ከምሰሶ ወደ ምሰሶ የተወጠረውን የልብስ ማስጫ ሽቦ ሲፈቱ አየኋቸው። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። ሽቦው ድንኳን አያስተክልም።

ወንበሩን ያዝኩላቸው። «ሲስተር፣ ካወቁ…» አልኩ፤ መጨረስ አቃተኝ።

«ካወቅሽ ለምን አታለቅሺም ልትለኝ ነው?» ሽቦውን እየጠቀለሉ ወረዱ። «ያወቀ ሰው አያለቅስም፣ ልጄ። የተነገረው ነው የሚያለቅሰው። እኔ ገና አልተነገረኝም።» ጥቅሉን ሚስማር ላይ ሰቀሉት። «እስከ ነገ ጠዋት ልጅ አለኝ። አትውሰዱብኝ።»

ጎህ ሲቀድ መጡ። አጎትየው፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ከኋላ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች። አቶ ወልዴ ከፊት ነበሩ። ሲስተር ዘነበች ፊታቸውን ታጥበው፣ ለብሰው፣ በረንዳው ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። አቶ ወልዴ ይህን ሲያዩ ግቢው መሐል ቆሙ።

«እንግዲህ ሲስተር…» አሉ። «ሰው ሁሉ ለዚህች ዓለም እንግዳ ነው። የሰጠም እግዚአብሔር፣ የነሳም… እኛ እንግዲህ የመጣነው… ብሩክ… ብሩክን ትንሽ…»

«ወልዴ።»

አቶ ወልዴ ቀና አሉ።

«ወደዚህ ና። እጄን ያዝ።» ሁለቱንም እጆቻቸውን ዘረጉላቸው። «ስሙን ጥራና ንገረኝ። ካልነገርከኝ ማልቀስ አልችልም። ይኸው ሌሊቱን ሙሉ ይዤዋለሁ። በቃኝ።»

አቶ ወልዴ ቀርበው ተንበረከኩ። እጃቸውን ያዙ። ለመጀመሪያ ጊዜ ‹ሲስተር› ሳይሉ ጠሯቸው።

«ዘነቡ» አሉ። «ብሩክ ሞቷል።»

የወጣውን ድምፅ አልገልጸውም። መግለጽ እወዳለሁ፤ ይህን ግን አልገልጸውም። ከሰፈሩ ጫፍ ሰው እየሮጠ መጣ። በዚያ ሰፈር ስንት በር ላይ ቆመው ያን ድምፅ ሲቀበሉ የኖሩ ሴት ናቸው፤ አሁን የእሳቸው ሆኖ ወጣ።

አስከሬኑ አልመጣም፤ እዚያው ተቀበረ። ሲስተር ዘነበች ከዚያ በኋላ ዓመታት ኖሩ፤ መርዶም ሊነግሩ ሄዱ፤ ፊልም ቤት ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው አልተመለሱም። ስለዚህ የመጨረሻውን የፊልም ፍርዳቸውን የሰጡት በድንኳን ውስጥ ነው።

ሰልስት ቀን ነበር። ከድርና የባጃጅ ሹፌሮቹ ሊያስተዛዝኑ መጥተው ድንኳኑ ጠርዝ ላይ፣ ዝናብ በሚያፈስበት በኩል ተቀምጠዋል። ከድር ደጋግሞ «ማንም የማይሞትበት ብዬ እኮ ነው» ይለኛል። ሲስተር መሬት ላይ ፍራሽ ተነጥፎላቸው ተቀምጠዋል። ድምፃቸው ከማልቀስ ብዛት ተዘግቷል። በእጃቸው ጠሩኝ። ሄጄ አጠገባቸው ተንበረከክሁ።

«መምህር፣ ያ ፊልም እንዴት አለቀ?»

«እስከ መጨረሻው አብረን አየነው እኮ፣ ሲስተር።»

«ዓይኔ ነበር። እኔ አልነበርኩም።»

ከድር አንገቱን ቀና አደረገ። ልዋሻቸው አሰብኩ። መብራት ጠፋ፣ መጨረሻውን አላየነውም ልበላቸው? ግን ለእሳቸው እንዲህ ተብሎ አይነገርም።

«ተገኘ» አልኩ። «ወንዙ ማዶ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። እናቱ አገኘችው።»

«በሕይወት?»

«በሕይወት።»

ግንባራቸውን ቋጥረው የድንኳኑን ሸራ አዩ፤ ይቆጣሉ ብዬ ነበር።

«ጥሩ» አሉ በመጨረሻ። «አንዷ እናት እንኳ ታግኝ።»

ከድር ተነስቶ ወደ ዝናቡ ወጣ።